የአይስክሬም ጅምላ ንግድ በደሴና በኮምቦልቻ፦ የማጓጓዣና የማቆያ ወጪ

ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተከትሎ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ይበቃል። በዚህች አጭር መንገድ መሬቱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በታኅሣሥ ምሽት ደሴ ላይ ጋቢ የሚፈልግ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ በሸሚዝ ያመሻል። አይስክሬም በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ይህን ልዩነት በየወሩ በመብራት ቆጣሪውና በነዳጅ ወጪው ላይ ያነበዋል። አይስክሬም በብዛት የሚበላው ቆላው ላይ ነው፤ ቅዝቃዜ በርካሽ የሚገኘው ደግሞ ደጋው ላይ ነው። የንግዱ ሒሳብ የሚሠራው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

በጅምላ የሚዘዋወረው ሸቀጥ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአዲስ አበባ ታሽጎ የሚመጣው፣ በኩባያና በትልልቅ ባልዲ ያለው የወተት አይስክሬም ነው። ሁለተኛው ከውሃ፣ ከስኳርና ከፍራፍሬ ጭማቂ ተሠርቶ እንጨት ላይ የሚረጋው ነው፤ ይህ በአነስተኛ ማሽን እዚያው ከተማ ውስጥ ሊመረት ይችላል። ካፌዎች ደንበኛ ፊት ከማሽን እየቀዱ የሚሸጡት ለስላሳ አይስክሬም ረጅም መንገድ ስለማይጓዝ እዚህ አይካተትም። ሁለቱ ዓይነቶች ፍሪዘር ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡም የመንገድ ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ምክንያቱ አየር ነው።

የወተት አይስክሬም ሲመታ አየር ይገባበታል። በርካሹ ዓይነት ከኩባያው ግማሽ ያህሉ አየር ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሊትሩ ከግማሽ ኪሎ ብዙም የማይበልጠው ለዚህ ነው። አሁን መንገዱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አቋርጦ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በከሚሴ ሞቃት ሜዳ ተጉዞ ወደ ኮምቦልቻ እንደገና ይወጣል። ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ አይስክሬሙ ውስጥ የታሰረው አየርም ይነፋል። ከአዲስ አበባ እስከ ጣርማ በር ባለው ልዩነት ብቻ የታሰረው አየር መጠኑ በአንድ አሥረኛ ገደማ ሊጨምር ይችላል። በደንብ የጠነከረ አይስክሬም ይህን ግፊት ችሎ ያልፋል። መሐል ላይ የለሰለሰ ከሆነ ግን ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ይሟሽሻል፣ ከኩባያው ግድግዳም ይሸሻል።

እንዲህ ያለ ካርቶን ሲከፈት ምልክቱ ወዲያው ይታያል። ክዳኑ አንድ ጎኑ ተነስቷል፤ ጠርዙ ላይ የፈሰሰ ክሬም እንደ ሙጫ ደርቋል። ሲከደንበት የነበረው ወረቀት ሥር ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ቆመዋል፤ በአይስክሬሙና በኩባያው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ደንበኛው ይህን ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተጭበርብሬአለሁ። ክብደቱ ግን አልጎደለም፤ የጠፋው አየር ነው። እንጨት ላይ የረጋው የጭማቂ በረዶ አየር ስለሌለበት ከዚህ ችግር ነጻ ነው። በእኔ እምነት አዲስ ጀማሪ አከፋፋይ በእሱ ቢጀምር ብዙ ኪሳራ ይተርፈዋል።

ለጭነቱ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የራሱ ማቀዝቀዣ ሞተር ያለው መኪና ነው። ይህ መኪናው ከሚጠጣው ነዳጅ ሌላ ለማቀዝቀዣው ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ከባድ ስለሆነ በቀላሉ የሚከራይ አይደለም። ሁለተኛው ውስጡ በፎም የተለበጠ ተራ የአይሱዙ ሳጥን ወይም ትልልቅ አይስ ቦክስ ነው፤ እዚህ ውስጥ ቅዝቃዜ አይመረትም፣ የተጫነው ብቻ እንዳይባክን ይጠበቃል። ለዚህኛው የጨው ውሃ ባለውለታ ነው። ከመቶ 23 እጅ ያህል የገበታ ጨው ያለበት ውሃ የሚቀልጠው በዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ላይ ነው። ይህን ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጎ ማታውን ማርጋትና ጠዋት በካርቶኖቹ መካከል መደርደር ለሰዓታት ብርዱን ይይዛል። ተራ በረዶ ግን ዜሮ ላይ ስለሚቀልጥ አይስክሬምን ማዳን አይችልም፤ ውሃ ለማቀዝቀዝ እንጂ አይስክሬም ለማቆየት አይበቃም። ጨው ከአፋር ሜዳ በሚመጣበት አካባቢ ይህ ዘዴ በሰፊው አለመለመዱ ያስቆጫል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፦ ይህን ውሃ የሚያረጋው ፍሪዘር ራሱ ከዜሮ በታች ከ21 ዲግሪ አልፎ መውረድ የሚችል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው ፈሳሽ ሆኖ ያድራል።

ኪራይ ሲነጋገሩ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለመኪናው በኩንታል ማስላት የለመደ ነው፤ አይስክሬም ግን ቀላል ነው። የመኪናው ክብደት ሳይሞላ ቦታው ያልቃል። ስለዚህ ዋጋውን በጉዞ መነጋገርና ሳጥኑን ጥግ ድረስ መሙላት ያዋጣል። የተሞላ ሳጥን ውስጥ ካርቶኖቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቀዛቀዙ ብርዱም ይቆያል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የመልስ ጭነት ካልተገኘ ባለመኪናው የባዶ ጉዞውን ዋጋ የመሄጃው ላይ ይጨምረዋል። ሳጥኑ ቆዳ ወይም በርበሬ ጭኖ ከተመለሰ ደግሞ ሽታው ፎሙ ውስጥ ይቀራል፤ የወተት ስብ ሽታ ለመሳብ የሚስተካከለው የለም።

ወጪውን በቁጥር ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ጉዞ 30,000 ብር ወሰደ፤ 6,000 ኩባያም ጫነ እንበል። ለአንድ ኩባያ 5 ብር ይደርሳል። አሁን ከአሥሩ አንዱ መንገድ ላይ ተበላሸ፤ የአንዱ መግዣም 40 ብር ነበር እንበል። 600 ኩባያ ጠፋ ማለት 24,000 ብር ቀለጠ ማለት ነው። ኪራዩና ጥፋቱ ተደምሮ 54,000 ብር ሲሆን፣ የሚሸጠው 5,400 ኩባያ ብቻ ነው። የአንዱ ማጓጓዣ 5 ብር መሆኑ ቀርቶ 10 ብር ሆነ። ከባለመኪና ጋር ሁለት ሺህ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የሚከራከር ነጋዴ፣ ሳጥኑ ከመጫኑ በፊት መቀዝቀዙን ሳያይ ሲያስጭን ማየት ያሳዝናል።

ወደ ማቆያው እንምጣ። የአይስክሬም የመጋዘን ልክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ የቀዘቀዘ ነው። ፍሪዘር የሚፈጀው መብራት በውስጡና በውጭው ሙቀት ልዩነት ይወሰናል። ደሴ ላይ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 33 ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ክፍሉ 27 ከሆነ 45 ይሆናል። ስለዚህ ያው ፍሪዘር፣ ያው ዕቃ ይዞ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ወደ ውስጥ ይሰርግበታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ይህ ልዩነት በየጊዜው ይበልጥ ይሰማል። አስተዋይ አከፋፋይ ዋናውን ክምችት ደሴ ላይ ያደርግና ኮምቦልቻ ላይ የሁለትና የሦስት ቀን ሽያጭ ብቻ ይይዛል።

ደጋው ግን በነጻ አይሰጥም። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር አየር ስለሚያንሰው በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ላይ ሩቡን ያህል ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ 5 ኪሎዋት ብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚያ 4 እንኳ አይሞላም። ኮምፕረሰር፣ ማለትም የፍሪዘሩ ሞተር፣ ደግሞ ሲነሳ ከመደበኛ ሥራው እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሮቹን አንድ በአንድ፣ በየተራ ማስነሳት ያስፈልጋል። መብራት ሲመለስ ባለው የኃይል መዋዠቅ የሚቃጠል ኮምፕረሰርም ብዙ ነው፤ መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መጠገኑ ራሱ ከባድ ወጪ ሆኗል። መዋዠቁን የሚያስተካክል ስታብላይዘር መግዛት የማይታለፍ ነው።

በሌላ በኩል ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ ውስጡ ያለውን ሁለት ቀን ገደማ ሳያቀልጥ ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ገደማ። አይስክሬም ከሥጋ ቀድሞ ይለሰልሳልና በዚህ መመካት አይገባም። ወደ ላይ የሚከፈተው ፍሪዘር እንደ ቁም ሣጥን ከሚከፈተው ይሻላል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ሲነሳ እንኳ ከውስጥ አይፈስም። ግድግዳው ላይ የጋገረውን በረዶ በጊዜ መፋቅም መብራት ይቆጥባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ቀልጦ እንደገና የረጋ ዕቃ ነው። ሲቀልጥ አየሩ ይወጣል፤ ሲረጋ በረዶው በትልልቁ ስለሚፈጠር ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ጣዕሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በቀለጠበት ሰዓት የተባዙት ጀርሞች ሲረጋ አይሞቱም፤ ቆይተው ሕፃን ሆድ ውስጥ ይነቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሪዘርና የጉዞ ሳጥን ውስጥ ውሃ የረጋበት ብርጭቆ ላይ አንድ ሳንቲም ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ሳንቲሙ ወደ መሃል ወይም ወደ ታች ከሰመጠ ዕቃው ሰው ሳያይ ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ያ ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን መጣል አለበት።

ጊዜና ገበያም ወጪውን ይወስናሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። በእነዚህ ጊዜ የወተቱ አይስክሬም ሽያጭ ሲቀዘቅዝ የጭማቂው ይነሳል። ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚኖርበት አገር በመሆኑ ጾሞቹ ባልተገጣጠሙበት ጊዜ የአንዱ ጾም የሌላው የሽያጭ ወቅት ይሆናል፤ በረመዳን ደግሞ ሽያጩ ከአፍጥር በኋላ ወደ ምሽት ይዞራል። ፍሪዘሩ ባዶም ሆነ ሙሉ መብራት መብላቱን ስለማያቆም፣ ይህ መፈራረቅ ለአካባቢው ነጋዴ ትልቅ ጸጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ፣ ከዚያ ወዲህም መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋባቸው ቀናት፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ዕቃ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታይቷል።

በሳምንቱ ትልቁ ቀን ሰኞ ነው፤ ባቲ ይገበያያል። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሌ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከአፋርና ከኦሮሞ የሚመጣው ገበያተኛ በፀሐይ የሚውልባት ከተማ ናት። ለዚህ ገበያ ዕቃው ከደሴ መነሳት ያለበት ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ሐረጎ ገና ጉም ለብሶ ሳለ ነው። ያልተሸጠው ማታ ተመልሶ ሽቅብ ሲወጣ እያንዳንዱ ሳጥን ይከፈታል፤ ሳንቲሙ ይታያል፤ ጠንክሮ የተመለሰው ወደ ፍሪዘር ይገባል፣ የለሰለሰው ተቆጥሮ ኪሳራ ላይ ይጻፋል።