የዋሽንግተን ዲሲ ዋርድ 1 ምርጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳምስ ሞርጋን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ማውንት ፕለዛንትና የዩ ስትሪት አካባቢ በዲሲ ዋርድ 1 ውስጥ ናቸው፤ ዋርድ ከተማዋ ከተከፈለችባቸው ስምንት የምርጫ ቀጠናዎች አንዱ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የታወቁበት ሰፈር በመሆኑ ስለ ዋርዱ ምርጫ በየካፌው ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ ግን ሰውን ድምፁን የሚያሳጣ፣ አንዳንዱም የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ የሚጥል ስሕተት አለ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ዲሲን የሚያስተዳድረው ኮንግረስ ነው፤ ካውንስሉ ለስሙ ነው»

ኮንግረስ የበላይ መሆኑ እውነት ነው። ካውንስሉ፣ ማለትም የከተማዋ ምክር ቤት፣ ያወጣው ሕግ ከመጽናቱ በፊት 30 የኮንግረስ የሥራ ቀናት፣ የወንጀል ሕግ ከሆነ ደግሞ 60 ቀናት ይጠብቃል። በ2023 የወንጀል ሕጉ ማሻሻያ ውድቅ የተደረገው በዚህ መንገድ ነው። አብዛኛው ሕግ ግን ሳይነካ ያልፋል። የአስተናጋጆችን ደመወዝ እንውሰድ፦ ጉርሻ ለሚያገኙ ሠራተኞች የነበረው ዝቅተኛ ክፍያ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር መራጩ በ2022 ወሰነ፤ ካውንስሉ በ2025 ውሳኔውን አለዘበው። ሕዝብ በቀጥታ ያጸደቀውን እንኳ በራሱ ድምፅ መለወጥ የሚችል አካል ለስሙ የተቀመጠ አይደለም። ከ13ቱ መቀመጫዎች ስምንቱ የየዋርዱ ሲሆኑ፣ ሊቀ መንበሩና ሌሎች አራት አባላት በመላው ከተማ ይመረጣሉ። ስለዚህ አንድ የዋርድ 1 ነዋሪ ጉዳዩን ይዞ ሊያነጋግራቸው የሚችላቸው ስድስት ተወካዮች አሉት።

«ሱቄ ዲሲ ነው፤ ግብርም እከፍላለሁ፤ ስለዚህ እመርጣለሁ»

አይቻልም። የሚቆጠረው የሚያድሩበት ቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ነጋዴ የሚመርጠው እዚያው ነው። በካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ቀርቦ መናገር ግን ማንም አይከለክለውም።

«ዋናው ምርጫ ኖቬምበር ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እደርሳለሁ»

ብዙ ድምፅ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በከተማዋ ከተመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛው ገደማ ዴሞክራት ስለሆነ የዋርድ 1 ወንበር በተግባር የሚወሰነው ጁን ላይ በሚደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ፣ በፕራይመሪው ነው። ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው፦ ስትመዘገቡ «ፓርቲ የለኝም» ያላችሁ የዕጩዎቹ ወረቀት አይሰጣችሁም። ፓርቲ ለመቀየር ቀነ ገደቡ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ነው። በምርጫው ዕለት አዲስ መመዝገብ ይቻላል፤ የተመዘገበ ሰው ግን በዚያ ዕለት ፓርቲ መቀየር አይችልም። በ2024 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 83 ሁለት ክፍል ነበረው፦ ፓርቲ የሌላቸውም በፕራይመሪ እንዲሳተፉ፣ መራጩም ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በደረጃ እንዲመርጥ። ካውንስሉ በ2025 በጀት የያዘው ግን በደረጃ ለመምረጡ ብቻ ነው። የዋርድ 1 ወንበር ለምርጫ የሚቀርበው ከከንቲባው ጋር ነው፦ 2022፣ 2026፣ 2030። ዋርድ 4 ያለ ዘመድ «ዘንድሮ የካውንስል ምርጫ የለንም» ቢላችሁ ለእሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የእነሱ ተራ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር ነው።

«ሁለተኛ ምርጫ ከጻፍኩ የመጀመሪያውን እጎዳለሁ»

አይጎዳም። በአዲሱ አሠራር እስከ አምስት ዕጩ በቅደም ተከተል ይመረጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ያገኘው ከውድድሩ ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ይሄዳል። ሁለተኛችሁ የሚታየው አንደኛችሁ ከወደቀ ብቻ ነው። ጉዳት ያለው ለሁለት ሰዎች እኩል ደረጃ መስጠት ላይ ነው፤ አንዱን ሰው አምስት ጊዜ ማስቀመጥም ምንም አይጨምርለትም።

«ዜጋ ካልሆንኩ ፈጽሞ አይመለከተኝም» እና «ዲሲ ፈቅዷል፣ ዝም ብዬ ልመዝገብ»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል። ካውንስሉ በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆነ፣ ዕድሜው የደረሰና ቢያንስ 30 ቀን በዲሲ የኖረ ሰው ከንቲባውን፣ ካውንስሉን፣ የትምህርት ቦርዱንና የሰፈር ኮሚሽነሩን መምረጥ ይችላል፤ ፕሬዚዳንትንና የኮንግረስ ተወካይን አይችልም። በሌላ አገር የመምረጥ መብቱን ይዞ መቀጠልም አይፈቀድለትም። ሕጉን ለመሻር የኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ድምፅ ሰጥቷልና ከመመዝገብ በፊት የምርጫ ቦርዱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አደጋው ያለው ቅጹ ላይ ነው። ዜጋ ላልሆኑ የተለየ የመመዝገቢያ ቅጽ አለ። በተለመደው ቅጽ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲወጣ በሚቀርበው ጥያቄ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው በሐሰት ዜጋ ነኝ እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህም ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ስለ ምርጫ ምዝገባ ይጠይቃልና ግሪን ካርድ ያለው ሰው አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

«የሰፈር ኮሚሽነር ሥልጣን የለውም»

የሰፈር አማካሪ ኮሚሽነር 2,000 ገደማ ነዋሪዎችን ይወክላል፣ ደመወዝ የለውም፣ የሚመረጠውም ለሁለት ዓመት ነው። ውሳኔው ምክር ብቻ ቢሆንም ኮሚሽኑ በይፋ በተጠራና ምልዓተ ጉባኤ ባለው ስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ በጽሑፍ ካቀረበው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ለሐሳቡ ትልቅ ክብደት መስጠትና ነጥብ በነጥብ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የመጠጥ ፈቃድ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ወንበር፣ የቤት ማስፋፊያ በዚህ በኩል ያልፋሉ። ምግብ ቤት ልትከፍቱ ከሆነ ተቃውሞ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ማመልከቻው ሲገባ ስብሰባው ላይ ተገኙ።

ለዚህ ቦታ መወዳደር የሚጠይቀው የ25 መራጮች ፊርማ ነው። ፈራሚው ኮሚሽነሩ በሚወክለው ንዑስ ቀጠና ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት በሌላ ቀጠና ሊሆን ስለሚችል 40 ያህል ሰብስቡ።

«እንግሊዝኛ ካልቻልኩ፣ መታወቂያ ከሌለኝ አልመርጥም»

አማርኛ በዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቀደም ሲል የተመዘገበ መራጭ አብዛኛውን ጊዜ መታወቂያ አይጠየቅም። በዕለቱ የሚመዘገብ ግን ስምና አድራሻው ያለበት የመብራት ቢል፣ የባንክ ወረቀት ወይም የኪራይ ውል ይዞ ይምጣ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ በፖስታ ይላካል፤ ቤት ከቀየራችሁ ግን ፖስታ ቤቱ ወደ አዲሱ አድራሻ አያዞረውም። ፊርማው የሚቀመጠው በመመለሻው ፖስታ ላይ ነው፤ ያልተፈረመበት ፖስታ እስኪስተካከል ድረስ አይቆጠርም። የድምፅ ሣጥኖቹ በምርጫው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።