የልጆች ዲጂታል ንባብ በጎጃም ቤተ መጻሕፍት

በጎጃም ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ረጅም ጠረጴዛና ለፈተና የሚያነብ የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ትንንሽ ልጆች እዚያ እምብዛም አይታዩም። ቢመጡም መደርደሪያው ላይ ለእነሱ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ዲጂታል ንባብ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ነጻ የልጆች መጻሕፍት የሚገኙባቸው ጥቂት ምንጮች አሉ። አፍሪካን ስቶሪቡክ ከደቡብ አፍሪካ የተነሳ ነው። ስቶሪዊቨርን የሕንዱ ፕራታም ቡክስ በ2015 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ይፋ ሆነ። በሦስቱም ዘንድ በአማርኛ የተጻፉና ወደ አማርኛ የተተረጎሙ ባለሥዕል ታሪኮች ይገኛሉ። ፈቃዳቸው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው፣ ሥራን በነጻ ማሰራጨት የሚፈቅድ ዓይነት ስለሆነ ቤተ መጻሕፍቱ አውርዶ፣ አባዝቶ፣ ከፈለገም አትሞ ለልጆች መስጠት ይችላል። ማንንም አያስፈቅድም። የባለቤቱን ስም ግን ማጥፋት የለበትም።

መጻሕፍቱ በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። ስቶሪዊቨር አራት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በገጽ አንድ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ አራተኛው ራሱን ችሎ ለሚያነብ ልጅ ነው። ደረጃውን ከክፍል ጋር ባያገናኙት ይሻላል። ፊደል በደንብ ያልቆጠረ የ3ኛ ክፍል ልጅ ከአንደኛው ደረጃ ቢጀምር ምንም ነውር የለውም። የተተረጎመው አማርኛም አንዳንዴ ይከብዳል፣ ለአፍ አይመችም። ስለዚህ ልጆቹ እጅ ከመግባቱ በፊት አንድ አዋቂ ጮክ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው።

ፊደል የሚያስቆጥሩ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ። ሲነኳቸው ድምፅ ያሰማሉ፣ ሲሳሳቱም አይቆነጥጡም። ግን የኔታ ልጁን እያዩ የሚያደርጉትን፣ የቱ ፊደል ላይ እንደተደናቀፈ አይተው መመለሱን፣ ታብሌት ገና አልቻለበትም። አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ኢንተርኔት። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አገር መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ስለዚህ በእኔ ግምት ለጎጃም የሚበጀው የልጆች ዲጂታል ክፍል ኢንተርኔት ባለ ቀን አውርዶ የሚያስቀምጥ ነው። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉ ውክፔዲያን በአንድ ፋይል አሽጎ ያለኢንተርኔት ያስነብባል። የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15 ሺህ ጽሑፍ ብቻ ስላለው በተራ ፍላሽ ይያዛል። ኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በዚሁ መንገድ ያቀርባል። ሁሉንም መዳፍ በምታህል ራዝቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። ኮምፒውተሯ የራሷን ዋይፋይ ታወጣለች፣ በፓወር ባንክም ትሠራለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉ ታብሌቶች ከእሷ ጋር ይገናኙና ያነባሉ። ከተማው ውስጥ ኔትወርክ ይኑር አይኑር ለልጆቹ ለውጥ የለውም። ዩቲዩብ ላይ እንዳይጠፉ ለሚሰጉ ወላጆችም እፎይታ ነው።

አማርኛ መፈለግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ በአንድ የንባብ ድረ ገጽ ላይ ስለ ፀሐይ የሚያወራ ታሪክ ፈለገ። «ጸሃይ» ብሎ ጻፈ። ምንም የለም። እኔ «ፀሐይ» ብዬ ስጽፍ ወዲያው መጣ። ልጁ ጥፋቱ የእሱ መሰለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላና ሌላ ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ቤተ መጻሕፍቱ የራሱን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ቁልፍ ቃላቱን በየአጻጻፋቸው ቢያስገባ ችግሩ ይቃለላል። ታናናሾቹ ግን አይጽፉም፤ ሽፋን አይተው ነው የሚነኩት። ለእነሱ ትልልቅ ባለሥዕል ሽፋን ይበቃል።

ልጆቹ ከታሪክ ይልቅ ደጋግመው ሊጠይቁ የሚችሉት የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ የታተመው ሲያጥር ፒዲኤፉ ያድናል። በፈረቃ የሚማር ልጅ ክፍል በሌለው ሰዓት ጎራ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ስካን የተደረጉ ልብ ወለዶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የደራሲ መብት አለባቸው፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ቦታ የላቸውም።

አዊ ላይ፣ ዳንግላና እንጅባራ አካባቢ፣ ሌላ ነገር ይጨመራል። እዚያ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአካባቢው ቋንቋ በአውኚ ይማራሉ። አውኚ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም እንደ ጘ ያሉ አማርኛ የማይጠቀምባቸው ፊደላት አሉት። ስለዚህ ታብሌቱ ከመገዛቱ በፊት ፊደሎቹን በትክክል ማሳየቱ፣ ኪቦርዱም እነሱን መጻፉ ይታይ። ስቶሪዊቨርም አፍሪካን ስቶሪቡክም ተጠቃሚው ራሱ እንዲተረጉም ስለሚፈቅዱ፣ አንድ የአውኚ መምህር ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ታሪክ መጨረስ ይችላል።

የአካባቢው ተረትም አለ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚሉ አያቶች በየሰፈሩ ስላሉ በስልክ መቅዳት ይቻላል። ፈቃዳቸውን መጠየቅ ግን አይረሳም። አምስት ደቂቃ ድምፅ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ከኮምፒውተሯ ላይ ምንም ያህል ቦታ አይወስድም። ጸጥ ያለ ክፍል ከተገኘ ደስ ይላል። መሀል ላይ አውራ ዶሮ ቢጮህም ግን ልጆቹ ቅር አይላቸውም።