የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፦ ትናንትን የመመለስ ምኞት

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ በክርኔ መታሁት። ውሃው ጠረጴዛውን አቋርጦ ወደ ኪቦርዱ ሲሮጥ በሁለት እጄ ልገድበው ሞከርኩ። በጣቶቼ መሃል ሾልኮ አለፈ። ያኔ የተመኘሁት ፎጣ አልነበረም። ሦስት ሰከንድ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ነው። አጠገቤ የነበረው ወዳጄ ግን «ተወው እንግዲህ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለኝ።

ልክ ነው። ግን ያናድዳል።

ትርጉሙ ማንም የሚያውቀው ነው፤ አንዴ የሆነን ነገር እንዳልሆነ ማድረግ አይቻልም። የአባባሉ ጉልበት ያለው ቃላቱ ላይ ነው። «ፈሰሰ» እና «ታፈሰ» ለጆሮ መንትያ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ይበተናል፣ ሌላው ይሰበሰባል። ማፈስ የተበተነን ነገር በእጅ እየዘገኑ ማንሳት ነው። ሰው ሳይቀር ይታፈሳል፤ «አፈሳ» የሚለውን ቃል የሰማ ያውቀዋል። እህልም ይፈሳል፣ ውሃም ይፈሳል። የሚታፈሰው ግን እህል ነው። የተደፋ ስንዴ ትንሽ አፈር ቢቀላቀልበትም ተመልሶ ጆንያው ውስጥ ይገባል። አባባሉ የተወለደው እህል ማፈስ የለመደ እጅ ውሃ ላይ ሲደርስ ባዶውን ከመቅረቱ ይመስለኛል።

ቻይናዎች ለተመሳሳይ አባባላቸው ታሪክ አላቸው። ዡ ማይቼን የሚባል ሰው ድሃ ሳለ ሚስቱ ጥላው ሄደች ይባላል። በኋላ ሹመት ሲያገኝ ልታረቅህ ብላ መጣች። እሱም ውሃ መሬት ላይ ደፋና «ይህን መልሰሽ ከሰበሰብሽ እሺ» አላት። ጭካኔ አለበት፤ ግን ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ የለም።

በእኛ አነጋገር ወሳኙ ማን ለማን ተናገረው የሚለው ነው። ለተጎዳ ሰው ከተባለ ማጽናኛ ነው፤ «በቃህ፣ አትብሰልሰል» እንደማለት። ገና ላልወሰነ ሰው ከተባለ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ እዚህ ላይ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ቅርብ ዘመዱ ነው። ውሃውን የደፋው ሰውዬ ራሱ ሲለው ግን ነገሩ ይበላሻል። ገንዘባችሁን አጥፍቶ፣ ትከሻችሁን መታ መታ እያደረገ «እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እያጽናና አይደለም። ፋይሉን እየዘጋ ነው።

የጊዜ ጉዞ ሐሳብ ሙጭጭ ብሎ የያዘን ይህን አባባል እምቢ የሚል ነገር ውስጣችን ስላለ ይመስለኛል። አንዱን ሰው «ጊዜን የሚያሻግር መኪና ቢሰጥህ የት ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ስለ ጥንት ነገሥታት ያወራል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ያልተደወለ ስልክ ወይም «ምነው ባልተናገርኩት» የሚለው አንድ ቃል ይመጣል።

የሚገርመው፣ ወደፊት መሄድ ተፈቅዷል። አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳስቀመጠው፣ በፍጥነት የሚጓዝ ሰዓት ቀስ ብሎ ይቆጥራል። ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ሰርጌይ ክሪካሌቭ በተለያዩ ጉዞዎች በድምሩ 803 ቀናት ምድርን በፍጥነት እየዞረ ሕዋ ላይ ቆይቷል። በዚህም መሬት ላይ ከቀረነው ይልቅ 0.02 ሰከንድ ገደማ ወጣት ሆኗል። ያን ሁሉ ተጉዞ ዓይን ለመጨፈን እንኳ የማትበቃ ጊዜ!

ወደ ኋላው ሌላ ጣጣ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 የአይንሽታይን ቀመሮች ወደ ትናንት የሚመልስ መንገድን ወረቀት ላይ እንደማይከለክሉ አሳየ። መንገዱ ግን መላው ጽንፈ ዓለም እንዲሽከረከር ይፈልጋል፤ የእኛው እንደዚያ ሲሽከረከር አልታየም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2009 ለጊዜ ተጓዦች ግብዣ ደገሰ። የጥሪ ወረቀቱን ይፋ ያደረገው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነበር፤ ከነገ መምጣት የሚችል ብቻ እንዲገኝ። ሻምፓኙ ቀረበ፣ ፊኛው ተሰቀለ። ማንም ዝር አላለም።

ለመሆኑ ውሃው የማይመለሰው ለምንድን ነው? የአንዷን ሞለኪውል (የውሃ ቅንጣት) ጉዞ ገልብጣችሁ ብታዩት የሚጣስ ሕግ የለም። ነገሩ የቁጥር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሉድቪግ ቦልትዝማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ይህንን ነው። ሞለኪውሎቹ ብርጭቆ ውስጥ ተሰብስበው ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች፣ ተበትነው ከሚሆኑባቸው ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። ስለዚህ ነገር ሁሉ ወደ መበተኑ ያደላል። በፊዚክስ አፍ «አይታፈስም» ማለት «ክልክል ነው» ማለት አይደለም። «ብትጠብቅ ዕድሜህ አይበቃም» ማለት ነው።

ያን ቀን አንድ ትንሽ ልጅም ቆሞ ያየኝ ነበር። «በፎጣ መጥጠህ ብርጭቆው ውስጥ ብትጨምቀውስ?» አለኝ። መልስ አጣሁና ጨመቅኩት። ሁለት ጣት የማይሞላ፣ የፎጣ ክር የሚንሳፈፍበት ድፍርስ ውሃ ወጣ። ልጁ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «ታፈሰ!» አለ።

የላፕቶፔ ባክስፔስ ግን እስካሁን አይሠራም።