ባሕር አየች፥ ሸሸችም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ዘንድሮ ጥር 11 ቀን ታቦቱ ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ፥ ለጠበል ጸዲቅ በተሰበሰብንበት ቤት የሰማሁት ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣም። አንድ አዛውንት፥ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን እንደ ዋዛ፥ «ለእስራኤል የተከፈለች ባሕር ለእነዚህ ልጆች ያልተከፈለችው በከንቱ አይደለም፤ በደል ቢኖርባቸው ነው» አሉ። የሚናገሩት በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሲሻገሩ ስለሚሰጥሙት ልጆቻችን ነበር። እቴቴ፥ የእናቴ ታናሽ እኅት፥ ጠላ ልትቀዳ ከጓዳ እየወጣች ነበርና ቃሉን ሰማችው፤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ተመልሳ ገባች።

እኛ የጣና ዳር ልጆች ነን፤ ጣናንም ባሕር እንጂ ሐይቅ ብለን አላደግንም፤ ከተማችንም ባሕር ዳር የተባለችው በዚሁ ነው። ወንድ አያቴ ከዘጌ በታንኳ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ያደርስ ነበር። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣልና፥ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ከዛፍ ጋር አስደግፎ አቁሞ ለፀሐይ ያሰጣዋል፤ እኛም ልጆቹ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውኃ በእጃችን እየተቀበልን እንጫወት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሴት አያቴ ነጠላዋን አገልድማ ከዳር ትቆምና «ኪዳነ ምሕረት፥ አደራሽን» ትላለች። አንድ ቀን የጎረቤታችን ታንኳ ተገልብጦ ሰውየው ቀረ፤ የእኛው አያት ግን በዚያው ነፋስ ደኅና ገባ። ሴት አያቴ ያን ምሽት «የእኔን አተረፈችልኝ» ስትል አልሰማናትም። ቡናዋን ቋጥራ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች፤ ሰባት ቀንም ከዚያ አልጠፋችም።

የእቴቴ ልጅ ዋና የተማረው በዚሁ ዳር ነው። በጅቡቲ ካለችው የወደብ ከተማ ከኦቦክ ተነሥተው የሚሻገሩት ባሕር ግን ሌላ ነው፤ ስሙ ባብ ኤል መንደብ ሲሆን፥ በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው፤ ከጠባቡ ስፍራ እንኳ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህላል። መርዶው ከመጣ በኋላ እቴቴ ለብዙ ወራት «ልጄኮ ዋና ያውቃል» እያለች ቆየች። ከዚያ ወዲህ በጥምቀት ጠበሉ ሲረጭ፥ ሕዝቡ ስልኩን አንሥቶ ሲጋፋ፥ እርሷ ከኋላ ዋርካው ሥር እጇን በነጠላዋ ሸፍና ትቆማለች።

እንግዲህ የስብከታችን ርእስ ወደ ተወሰደበት መዝሙር እንመለስ። በጥምቀት ሰሞን ሁላችንም በአፋችን የምንይዘው «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፤ ወዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ» የሚለው የ113ኛው መዝሙር ቃል ነው። ባሕር አየች፥ ሸሸችም፤ ማንን አይታ ሸሸች? ዝቅ ብሎ ዳዊት ራሱ ይመልሰዋል፤ «ከያዕቆብ አምላክ ፊት» ይላል። የሸሸችው ከሕዝቡ ጽድቅ ፊት አይደለም። ኦሪት ዘጸአት 14ን ብታነቡ፥ ሕዝቡ በዚያች ሰዓት ከባሕሩ ዳር ቆሞ በሙሴ ላይ ያጉረመርም ነበር፤ በግብፅ መቃብር ጠፍቶ ነውን በምድረ በዳ እንድንሞት ያወጣኸን እያለ። ባሕሪቱን የከፈተ የማንም ጽድቅ ካልሆነ፥ በሌላው ላይ የዘጋት ኃጢአቱ ነው ብሎ የሚናገር ሰው ይህን ከየት አገኘው? ደግሞም ዳዊት «ምን ሆናችኋል?» ብሎ የጠየቀው ባሕሪቱንና ዮርዳኖስን ነው፤ የሰጠመውን ሰው አይደለም፤ የሰጠመውን ሰው እናትማ ከቶ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ሦስት ጊዜ ተሰብሮበታል፤ ሌሊትና ቀን በባሕር ውስጥ እንደ ኖረም ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። ከባሕር ወጥቶ በመላጥያ ደሴት እሳት ዳር ሳለ እባብ በእጁ ላይ ቢጠመጠምበት፥ «ይህ ሰው በእርግጥ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ከባሕር ቢያመልጥ እንኳ ፍርድ አልተወውም» ያሉት እነማን ነበሩ? ወንጌል ያልደረሳቸው አረማውያን ናቸው። እነርሱስ ጳውሎስ ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። እኛ ግን በጥምቀት ዕለት፥ ነጠላችን ሳይደርቅ፥ የእነርሱን ቃል ደገምነው። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፥ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሉአችኋልን ብሎ እንደ ጠየቀ እያነበብን ነው ይህን የምንናገረው።

እቴቴ ያስጨነቃት ደግሞ ሌላ ነበር፤ አስከሬኑ ሳይገኝ ልጄ እንዴት ይሆናል የሚል ነው። የነፍስ አባቷ ፍትሐቱን አስፈቱለት፤ አርባውንም አወጣን። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 «ባሕርም በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን ሰጠ» የሚለውን አነበብሁላት። ባሕር የወሰደችውን ለዘለዓለም አታስቀረውም፤ አደራ ተቀባይ ናት፤ በቀኑ ትመልሳለች። «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምሁላት።

ከመርዶው ወዲህ እቴቴ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ትናንት ማታ ግን ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፥ ወደ ዘጌ፥ ወደ ኡራ ገዳም የሚሄደው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ። ማልዶ በ12 ሰዓት ነው አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው ከመካከል ቦታ ያዝልኝ፤ ከዳር አልቀመጥም» አለችኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።