በፈረንሳይኛ መውደድ፣ ማፍቀርና ማስበለጥ

ፈረንሳይኛ ለቡናም፣ ለእናትም፣ ለፍቅረኛም የሚሆን አንድ ግሥ አለው፤ «ኤሜ» ይባላል። «ዤም ለ ካፌ» ያለ ሰው ቡና ይወዳል። «ዠ ቴም» ያለ ደግሞ ፍቅሩን ተናግሯል። እኛም «እወዳለሁ»ን ለሁሉም ስለምንጠቀምበት እስከዚህ ድረስ አይከብደንም። ጉዱ ያለው ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ላይ ነው።

«ቢያን» በተለምዶ «ደህና፣ በደንብ» ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ «ዠ ቴም ቢያን» ሲል «በጣም እወድሻለሁ» ያለ ይመስለዋል። ልጅቷ የምትሰማው ግን «ጥሩ ሰው ነሽ፣ ደስ ትይኛለሽ» የሚል ነው። የጓደኝነት ነገር። «በጣም» የሚለው «ቦኩ» ሲጨመርም ሞቅ ይላል እንጂ ፍቅር አይሆንም። ለሰው ሲነገር ትልቁ ቃል ምንም ያልተጨመረበት «ዠ ቴም» ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ይሄ ነው። የጾታና የአነጋገር ስህተት ፈገግ ቢያሰኝ ነው፤ ይሄኛው ግን ልብ ይሰብራል። ፍቅር የያዘው ሰው ሁኔታውን ለሌላ ሲያወራ «ዠ ስዊ አሙረ» ይላል፤ ሴት ከሆነች «አሙረዝ»።

«አዶሬ» ለፈጣሪ የሚቀርብ አምልኮ ማለት ነው፤ ዛሬም ያ ትርጉሙ አልጠፋም። በየቀኑ ንግግር ግን ለቸኮሌትም፣ ለጫማም፣ ለዘፈንም እንደ ልብ ይባላል።

አማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎች የሚቀድመው «ሳ መ ፕሌ» ላይ ነው። አሠራሩ ልክ እንደ «ደስ ይለኛል» ነው፤ ባለቤቱ ደስ የሚለው ነገር ነው፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ለሰው «ቱ መ ፕሌ» ከተባለ «ዓይኔ አርፎብሻል» ዓይነት መልእክት ስላለው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቱ መ ማንክ»ም እንደ «ናፈቅሽኝ» ነው፤ ባለቤቷ የተናፈቀችው ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚደናገሩበትን ይህን አገነባብ እኛ ከቤታችን ይዘነው እንመጣለን።

ለማስበለጥ «ፕሬፌሬ» አለ። «ዠ ፕሬፌር ለ ቴ ኦ ካፌ» ማለት «ከቡና ሻይ ይሻለኛል» ነው። «ኦ» የሚገባው ያልተመረጠው ላይ ነው፣ ልክ እንደ እኛ «ከ»። ማስበለጡ ግሡ ውስጥ ስላለ «ይበልጥ» የሚል ቃል አይጨመርበትም። ካፌ ገብቶ ለማዘዝ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ «ዠ ቩድሬ» ወይም «ዤምሬ» ይባላል። ሁለቱም «ፈልጌ ነበር» እንደምንለው ለዘብ ያሉ ናቸው።

«ለ» እና «ላ» የሚባሉት፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ከስም በፊት የሚገቡት መስተአምራን በመውደድ ግሦች ዘንድ በአሉታም አይለወጡም። ቡና የማይጠጣ «ዠ ነ ቧ ፓ ደ ካፌ» ይላል። የማይወድ ግን «ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ»።

ፈረንሳዮች ዝቅ አድርጎ መናገርም ይወዳሉ። «ፓ ማል» በቁሙ «መጥፎ አይደለም» ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «አሪፍ ነው» ማለታቸው ነው። በ1637 ለመድረክ በበቃው የኮርኔይ «ለ ሲድ» ተውኔት ሺሜን አባቷን ለገደለው ሮድሪግ ፍቅሯን የምትገልጸው «ሂድ፣ አልጠላህም» ብላ ነው። ተማሪዎች ይህን የአነጋገር ዘይቤ ሲማሩ የሚጠቀስላቸው ምሳሌ ይኸው ነው።

የወጣቱ ቃል «ኪፌ» ነው። ደስታንና ምቾትን ከሚያመለክተው «ኪፍ» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን በሰሜን አፍሪካ በኩል ገብቷል። «ዠ ኪፍ» ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ ያምራል፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አይሆንም።