ባይፖላር ድባቴ ከሌላው ድባቴ በምን ይለያል?

ባይፖላር ሲባል ብዙዎቻችን ጠዋት ስቆ ማታ የሚያለቅስ ሰው ይታየናል። ስህተት ነው። ባይፖላር ድባቴና ማኒያ የሚባለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም ነው። ድባቴው ቢያንስ 2 ሳምንት ይዘልቃል፤ ማኒያውም 1 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቀለል ያለው ማኒያ ቢያንስ 4 ቀን።

አንዲት ሴት ሐኪም ፊት ተቀምጣ «ፊቴን መታጠብ እንኳ ተራራ ሆነብኝ» ትላለች እንበል። ይህ ብቻውን ከማንኛውም ድባቴ አይለይም። ቁልፉ ያልነገረችው ውስጥ ነው፦ ከስድስት ወር በፊት በሌሊት 3 ሰዓት ብቻ እየተኛች ድካም የማታውቅበት፣ የደረሳትን ዕቁብ በሙሉ ለማታውቀው ንግድ ያፈሰሰችበት ሰሞን ነበር። ደስ ብሏት ስለነበር በሽታ አልመሰላትም። ቤተሰቡማ «ተመስገን፣ ተሻላት» ብሎ ነበር!

ይህን መለየት መድኃኒቱን ይቀይራል። የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ አንዳንዱን ሕመምተኛ ወደ ማኒያ ሊገፋው ስለሚችል፣ ሐኪሞች እንደ ሊቲየም ያሉ ስሜት አረጋጊዎችን ይጠቀማሉ። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ይመረመራል። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለምርመራ ሲኬድ አብሮ የሚኖር ሰው ቢከተል መልካም ነው፤ ያን ሰሞን ከሕመምተኛዋ ይልቅ እኅቷ ታስታውሰዋለች።