ሥዕል ላይ «ቴክስቸር» ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ የምትሠራ ሠዓሊ ወዳጅ አለችኝ። አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ግድግዳ ላይ ያስደገፈችውን ሥዕል አየሁ። ዛፍ የለበትም፣ ተራራ የለበትም። አመድማ፣ ቡናማ፣ ትንሽ ሮዝ፣ በቃ። «ምንድን ነው?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ደጅ ወዳለው ባሕር ዛፍ ወሰደችኝና ልጡን አስዳሰሰችኝ። ገና ያልተላጠው ሻካራ ነው። ልጡ ተልጦ የወደቀበት ደግሞ እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ያለ። ተመልሼ ሥዕሉን ሳየው ዛፉን አገኘሁት።

ቴክስቸር ማለት ይሄ ነው፤ የአንድ ነገር ገጽ ሲዳሰስ ያለው ሸካራነት ወይም ልስላሴ። ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም አብስትራክት፣ የነገሩን መልክ አይቀዳም። ስለዚህ ወዳጄ የዛፉን ቅርጽ ትታ የልጡን ዳሰሳ ትሠራለች።

እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጭቃ ቤት የመረገ ሰው ያውቀዋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ሰንበት ይላል፣ ከዚያ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የጣት ፈለጉ፣ የጭዱ ዘለላ እዚያው ይቀራል። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስታርፍበት እንዴት እንደሚያምር! መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያየ የምለው ይገባዋል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ሆኖ ራሱ የጥበብ ሥራ ነው።

ሥዕል ላይ እንዴት ይሠራል? አንዱ መንገድ ቀለሙን ሳያቀጥኑ በቢላ ወይም በስፓቱላ ማወፈር ነው። «ኢምፓስቶ» ይሉታል፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ በዚህ ይታወቃል። ሌላው መንገድ ከቀለሙ በፊት ሸራውን በጄሶ መሥራት ነው። አዎ፣ ያው ጄሶ። የኮርኒሱም፣ የተሰበረ እጅ የሚታሰርበትም፣ የሠዓሊውም ስሙ ከአንድ የጣሊያንኛ ቃል ነው የመጣው፤ የሠዓሊው ግን ሙጫ ወይም አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነክ ማጣበቂያ ይገባበታል። ወዳጄ አሸዋና የደረቀ ቅጠል ትጨምርበታለች። ሳይደርቅ በማበጠሪያ ትጭረዋለች። በጣም ሲወፍርባት ሸራውን ትታ ኮምፔንሳቶ ላይ ትሠራለች፤ ሸራ ስለሚለጠጥ ወፍራሙ ጄሶ ይሰነጠቃል።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። የአክሪሊክ ቀለም ውኃው ሲተን ቶሎ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው። ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ከሥሩ ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የደረቀ መስሏችሁ እንዳትነኩት።

አንዳንዱ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ገና በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ዘመናዊውን ሥዕል የራሳችን ካደረጉት ውስጥ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሥዕል በስልክ ፎቶ አይታይም። ፎቶው ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ሄዳችሁ እዩት፣ በተለይ በጠዋት። መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ወደ ጎን ራመድ ብላችሁ። እያንዳንዱ የቀለም ጉብታ ጥላውን ሲጥል ታያላችሁ። የወዳጄ ባሕር ዛፍ የሚወጣው ያኔ ነው።